ኑዛዜ ለነፍስና ለቤት



ኑዛዜ የሚባለው ቃል በቋንቋችን ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይዞ ይገኛል። ናዘዘ በግእዝ አጽናና፥ አረጋጋ ማለት ነው። ከዚህ ግስ የወጣው ኑዛዜ በአማርኛ አንድም ኃጢአትን ለንስሐ አባት መንገር ይሆናል፤ አንድም ሰው ከሞተ በኋላ ስለ ቤቱ፥ ስለ ልጆቹና ስለ ገንዘቡ እንዲፈጸምለት የሚፈቅደውን ማስታወቅ ይሆናል። እነዚህ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸውን እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። ኃጢአቱን የተናዘዘ ሰው ራሱ ይጽናናል፤ ስለ ቤቱ በእውነት የተናዘዘ ሰው ደግሞ ከእርሱ በኋላ የሚቀሩትን ያጽናናል። በሁለቱም ዘንድ መድኃኒቱ እውነትን መናገር ነው፤ ጊዜውም ሰው በሕይወት ሳለ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ምእመናን የመጀመሪያውን ኑዛዜ የነፍስ ሥራ፥ ሁለተኛውን ግን የዓለም ሥራ አድርገው ይለያዩታል። አንዳንዱ ስለ ውርስ መናገር ሞትን መጥራት ይመስለዋል። ሌላው «ልጆቼ ይዋደዳሉ፤ እነርሱ ያውቃሉ» ብሎ ዝም ይላል። ሌላውም ስለ ነገ መጨነቅ በወንጌል ተከልክሏል ብሎ ይከራከራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን እኛ ካህናት ራሳችን ይህን አሳብ በምእመናን ልብ ማጽናታችን ነው። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው ከገዛ ራሳችን በደል የተነሣ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን እርሱን እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚስቱ የሞተችበት፥ ልጅም ያልወለደ አንድ ሽማግሌ የንስሐ ልጃችን ነበረ። በደዌ ተይዞ ከአልጋ በዋለ ጊዜ የምታስታምመው በቤቱ 17 ዓመት ያገለገለች አንዲት ሴት ነበረች። ገላውን ታጥበው ነበር፤ ምግቡን ታጎርሰው ነበር፤ ሌሊትም ሲያቃስት ተነሥታ ታገላብጠው ነበር። አንድ ቀን ለጸሎት ወደ እርሱ በሄድን ጊዜ፥ «አባቴ፥ ይህችን ቤት ለእርሷ ልተውላት አስቤአለሁ፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ላስጠራ ይሆን?» ሲል ጠየቀን። እኛም «ልጄ፥ የምድሩን ነገር ተወው፤ አሁን ስለ ነፍስህ አስብ፤ የቤቱን ነገር በቃልህ ከነገርኸን ይበቃል» ብለን መለስንለት። ይህን ስንመልስ መንፈሳዊ ምክር የመከርን መስሎን ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላም በእኛና በአንድ ዲያቆን ፊት «ቤቴ ለእርሷ ይሁን» ብሎ ተናዝዞ፥ ቅዱስ ቍርባንን ተቀብሎ ዐረፈ።

አርባው ከወጣ በኋላ የሟቹ የወንድም ልጆች ወራሽነታቸውን አስመስክረው ቤቱን ጠየቁ። ሴቲቱም እኛን ምስክር ቈጠረች። በችሎት ቆመን የሰማነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ተናገርን። ዳኛውም በአክብሮት፥ «አባታችን፥ ቃልዎን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ሕጉ በቃል የተደረገውን ኑዛዜ ለቤት አያደርሰውም» አሉን። ሴቲቱም ልብሷንና ጥቂት ዕቃዋን በአንድ ጆንያ ይዛ ወጣች። የወንድሙ ልጆች ሌቦች አልነበሩም፤ ሕግ የሰጣቸውን ወሰዱ። ዳኛውም አላደሉም፤ በሕግ ፈረዱ። የሟቹም አሳብ ቅን ነበረ። በዚህ ሁሉ መካከል በደል የተገኘው በእኛ ምክር ነው። ሽማግሌው ትክክለኛውን ነገር ጠይቆን ሳለ፥ የነፍስን ነገር ከቤት ነገር ለይተን በመንገራችን፥ ላገለገለችው ሊመልስላት የፈቀደውን ውለታ በእጁ ላይ አስቀረንበት።

እንግዲህ መጽሐፍ በእውነት ይህን ነገር ይከለክላልን? አይከለክልም። አብርሃም ያለውን ሁሉ ለይስሐቅ ሲያወርስ፥ ለሌሎቹ ልጆቹ ገና በሕይወት ሳለ ስጦታ ሰጥቶ አሰናብቷቸዋል (ዘፍ. 25፥5-6)። ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ የነገረው የሞቱን ነገር ብቻ አይደለም፤ ቤቱን እንዲያሰናዳም ጭምር ነው እንጂ (ኢሳ. 38፥1)። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ስለ አባታቸው ርስት በሙሴ ፊት በቆሙ ጊዜም እግዚአብሔር ጥያቄያቸውን ዓለማዊ ነው ብሎ አልናቀውም፤ ፈረደላቸው እንጂ (ዘኍ. 27)። ከሁሉም በላይ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ፥ ቤትና ርስት ያልነበረው እርሱ፥ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)። ደቀ መዛሙርቱ ይወዷታልና ራሳቸው ያውቃሉ ብሎ አልተዋትም። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ተቀባዩንና አደራውን ለይቶ በግልጥ ተናገረ።

ወንጌል የሚከለክለው መጨነቅን ነው እንጂ ቤትን በሥርዐት ማኖርን አይደለም። በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ የተነገረው ባለጠጋ የተነቀፈው ስለ ነገ በማሰቡ ብቻ አይደለም፤ ለራሱ ብቻ በማሰቡ ነው። እግዚአብሔር በዚያች ሌሊት ያከማቸኸው ለማን ይሆናል ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልስ አልተገኘለትም። ኑዛዜውን በሚገባ የጻፈ ሰው ግን ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ አስቀድሞ የሚመልስ ሰው ነው። በዚያው ምዕራፍ ይህ ምሳሌ የተነገረው ምን ምክንያት ሆኖት እንደ ሆነ እንመልከት፤ ርስት የሚያካፍለው አጥቶ ወንድሙን ከጌታ ዘንድ የከሰሰ ሰው ስለ ነበረ ነው። አባቶች ዝም ብለው ሲሞቱ ልጆች አካፋይ ፍለጋ ይወጣሉ።

ስለዚህ ኑዛዜ የሚጽፍ ክርስቲያን አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው፤ የእኔ የሆነው የትኛው ነው? የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ቤቴ» ሲል የሚስቱንም ድርሻ ጨምሮ ይናገራል። ባልና ሚስት በጋብቻቸው ዘመን ያፈሩት የጋራ ሀብታቸው ስለ ሆነ፥ ተናዛዡ ሊናዘዝበት የሚችለው በገዛ ድርሻው ብቻ ነው። ደግሞም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሕጋችን ሚስት የባሏ፥ ባልም የሚስቱ ተወራሽ ሆነው በወራሾች ተራ አልተቈጠሩም። ከሞት በኋላ የቀረው ወገን የጋራውን ሀብት እኩሌታ ይወስዳል፤ የሟቹ እኩሌታ ግን ወደ ልጆቹ፥ ልጅ ከሌለውም ወደ ወላጆቹና ወደ ሥጋ ዘመዶቹ ይሄዳል። 40 ዓመት አብራ የኖረች አሮጊት ከምትተኛበት ቤት እኩሌታው የባሏ ዘመዶች መሆኑን በለቅሶ ሰሞን ስትሰማ ምን ይሰማታል? ባሏ ግን በጊዜው ተናዝዞላት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰባት ነበር። የገጠር መሬትም እንዲሁ በመጠቀም መብት የተያዘ ስለ ሆነ፥ በየክልሉ የመሬት ሕግ ይመራል እንጂ ሰው እንደ ወደደ የሚናዘዝበት አይደለም።

ሁለተኛው፤ ዕዳዬ ምንድር ነው? የሚለው ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ከምጽዋቱ ጋር የወሰደውን መመለስን አጣምሮ ተናገረ (ሉቃ. 19፥8)። የብዙ ሰው ኑዛዜ ግን ስጦታን እንጂ ዕዳን አያወሳም። ያለ ጽሑፍ የተበደረው ገንዘብ፥ የማኅበር ወይም የዕቍብ አደራ፥ ለአገልጋይ ያልተከፈለ ደመወዝ፥ ከወንድም ጋር ሳይካፈሉት የቀረ የወላጅ ንብረት፥ እነዚህ ሁሉ ከተናዛዡ በቀር የሚያውቃቸው የለም። ሕጉም በዚህ ረገድ ከንስሐ ሥርዐት ጋር ይስማማል። ከሟቹ ሀብት አስቀድሞ የቀብሩ ወጪ፥ ቀጥሎ ውርሱን የማጣራቱ ወጪ፥ ከዚያም ዕዳው ይከፈላል፤ ለእገሌ ይሰጥ የተባለው ስጦታ ግን ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። የሰውን ገንዘብ ይዞ ስጦታ የለምና።

ሦስተኛው፤ የእኔ የሆኑት እነማን ናቸው? የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከትዳሩ ውጪ የወለደውን ልጅ ከቤተሰቡ ሰውሮ የኖረ ሰው፥ በመጨረሻው ዘመኑ ለንስሐ አባቱ ይናገርና ቀኖናውን ተቀብሎ ልቡ ይረጋጋል። ልጁ ግን ስም አላገኘም። ሕጉ በጋብቻ ውስጥና ከጋብቻ ውጪ በተወለዱት ልጆች መካከል ልዩነት አያደርግም፤ ነገር ግን አባቱ ያላስታወቀው ልጅ መብቱን በምን ያስረዳ? የንስሐ አባትም ምስጢረ ንስሐን የማውጣት ሥልጣን ስለሌለው፥ በቀብሩ ዕለት ልጁን ከሰው ኋላ ቆሞ ሲያለቅስ እያየ ዝም ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ልናሰናብተው የሚገባን «ለእኔ የነገርኸኝን ራስህ በሕይወትህ ሳለህ ለሚገባው አስታውቅ» ብለን ነው። ለእግዚአብሔር የተነገረ እውነት በሰው ፊት በውሸት ከተሸፈነ፥ ንስሐው ገና ፍሬ አላፈራም።

እነዚህን ሦስቱን የመረመረ ሰው ልቡን አዘጋጅቷል። ነገር ግን የልብ ቅንነት ብቻውን ኑዛዜን አያጸናውም፤ ለዚህም ነው ሕግ ዐዋቂ የሚያስፈልገው። አባቶቻችን ሕግን ከመንፈሳዊ ሕይወት የተለየ አድርገው አላዩትም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰብስቦ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾች ሲኖሩት፥ 22ቱ ስለ መንፈሳዊው፥ የቀሩት ስለ ሥጋዊው ነገር ይናገራሉ፤ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የተጻፈውም በዚሁ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤት የሚፈርድበት ግን በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በመጽሐፉ ፍትሐ ነገሥትን ያነበበ ካህን ይህንንም ሊያውቀው ይገባል፤ ሰዎች በሞት አልጋ አጠገብ አስቀድመው የሚጠሩት እርሱን ነውና።

ይህ ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጥ የሚደረገው ነው። ይህም በተናዛዡ ወይም እርሱ እየተናገረ በሌላ ሰው እጅ ይጻፋል፤ ከዚያም በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡም ቀኑም በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መጠቀስ አለበት፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ እንደ ሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው፥ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጥበት፥ ቀን የሚያኖርበትና በእያንዳንዱ ገጽ የሚፈርምበት ነው። ይህም በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሦስተኛው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚነገረው ነው። ይህ ግን ስለ ቀብር ሥርዐት፥ ስለ ሕፃናት ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፥ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ያገለግላል፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ያ ሽማግሌ በእኛ ፊት የተናገረው ቃል ለቤቱ ሊደርስ አልቻለም።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙም ኑዛዜው አይጸናም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሊጽፉ ይገባል። ይህን ሁሉ አንድ ገበሬ ወይም አንዲት ነጋዴ ከየት ያውቁታል? አራቱ ምስክሮች ፈርመው ሳለ መነበቡ ስላልተጻፈ ብቻ የአንድ ቤተሰብ ሰላም ሊፈርስ ይችላል። ጠበቃው ፈቃድን አይፈጥርም፤ የተፈጠረው ፈቃድ እንዳይወድቅ ይደግፋል እንጂ። ወደ እርሱ የሚሄድ ሰው የቤቱን ካርታ፥ የጋብቻ ማስረጃውን፥ የልጆቹን ስምና የዕዳውን ዝርዝር ይዞ ይሂድ። ምስክሮችም ከኑዛዜው የማይጠቀሙ፥ በኋላም ቢፈለጉ የሚገኙ ሰዎች ይሁኑ። በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችንም በአዲስ አበባ ቤት፥ በሚኖሩበት አገርም ሌላ ንብረት ቢኖራቸው፥ የየአገሩ ሕግ የተለያየ ስለ ሆነ ከሁለቱም ወገን ሕግ ዐዋቂ ሊጠይቁ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የሞተ ሰው በሕያዋን ላይ የሚያዝዘው በምን ሥልጣን ነው? ራቁቱን መጥቶ ራቁቱን የሚሄድ ሰው ከሞተ በኋላ ባለንብረት አይባልም። ስለዚህ የኑዛዜ ኀይል ከባለቤትነት የመጣ ሳይሆን ከአደራ የመጣ ነው። ሰውዬው መጋቢ ነበረ፤ ሹመቱ ሲያልቅ ለተተኪው መጋቢ ቍልፉን ያስረክባል፤ ሕያዋንም ቃሉን የሚያከብሩት ርክክቡን ስለ ማክበር ነው። ይህ እውነት ከሆነ፥ ኑዛዜ የቍጣ መሣሪያ ሊሆን አይችልም። አንድ አባት ያለ ፈቃዱ ያገባችን ልጁን ለመቅጣት፥ ወይም ደጅ ያልጠናውን ልጁን ለማሳፈር ብሎ ከውርስ ቢነቅል፥ ከመቃብር ሆኖ መጣላቱ ነው፤ ተጣልቶም የማይታረቅበት ጠብ ነው፤ ሟች ይቅር ሊል አይችልምና። ሕጉም ተወላጅን ከውርስ የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ዳኛም ምክንያቱ በቂ መሆኑን ይመረምራል። ምክንያቱን በወረቀት ላይ ለመጻፍ እጁ የሚያፍር ሰው፥ ነገሩን በልቡም ይመርምረው። በኦሪትም ቢሆን ሁለት ሚስት ያለው ሰው ከሚወዳት የተወለደውን ከማይወዳት በተወለደው በኵር ፊት እንዳያስቀድም ተከልክሏል (ዘዳ. 21፥15-17)። ፍቅራችን ቢያደላም ፍርዳችን አያድላ።

«እንኪያስ ያስታመመኝና የተወኝ እኩል ይውሰዱን?» የሚል ይኖራል። እኩል ይሁኑ ማለታችን አይደለም። ለደከመ ዋጋውን መስጠት ፍትሕ ነው፤ ያችን ሴት የጐዳናትም ይህ ሳይደረግላት መቅረቱ ነው። ነገር ግን ለአንዱ ስለ ድካሙ መስጠት ሌላ፥ ሌላውን ስለ ጥላቻ መንሣት ሌላ ነው። ሁለቱ በወረቀት ላይ አንድ ቢመስሉ በእግዚአብሔር ፊት የተለያዩ ናቸው። ተናዛዡም ምክንያቱን በሕይወቱ ሳለ ለልጆቹ ቢገልጥላቸው፥ ከሞቱ በኋላ በወንድማማች መካከል የሚነሣው ቅናት ይቀንሳል። ያዕቆብ ለዮሴፍ ልዩ ቀሚስ ባለበሰው ጊዜ ወንድሞቹ ምን እንዳደረጉ እናውቃለን (ዘፍ. 37)።

በመጨረሻ ለእኛ ለካህናት አንድ ቃል እንጨምር። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት መልካም ነው፤ አድባራቱና ገዳማቱ በምእመናን ስጦታ ኖረዋል። ነገር ግን ጌታችን ለመቅደስ ቍርባን ነው እያሉ አባትና እናትን ከመርዳት የሚከለክሉትን እንዴት እንደ ገሠጻቸው አንርሳ (ማር. 7፥10-13)። ልጆቹ ያልተማሩለት፥ ሚስቱ መጠጊያ የሌላት ሰው ቤቱን ለደብሩ ሊሰጥ ሲነሣ፥ «አስቀድመህ ለቤተ ሰቦችህ አስብ» ብሎ የሚመልሰው ካህን ደብሩን አላስጐዳም፤ አስከበረው እንጂ። ለራሳችን የሚሰጠንንማ ከቶ አንቀበል። ሕጉም ቢሆን በሞት አልጋ አጠገብ ለነበረ የሥጋ ወይም የነፍስ ጠባቂ የተሰጠውን ስጦታ ዳኛ እንዲመረምረው በር ከፍቷል፤ የሕግ መጠርጠር በእኛ ላይ ባይደርስ እንኳ የሕሊና መጠርጠር ይደርሳልና። ለተዝካር ብሎ ልጆችን ዕዳ ውስጥ የሚጥል ኑዛዜም አናበረታታ። ለነፍስ የሚጠቅመው ጸሎቱና ለድሃው የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ የድንኳኑ ስፋት አይደለም።

ያችን ሴት ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ አግኝተናት ነበር። በሌላ ሰፈር የተከራየችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የሽማግሌውን ፎቶግራፍ ሰቅላ አገኘናት። ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም «አባቴ፥ እርሱ ሊሰጠኝ እንደ ፈለገ እኔ ዐውቃለሁ፤ ይበቃኛል» አለችን። እርሷን ያጽናናት ይህ ነበረ፤ እኛን ግን አላጽናናንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የንስሐ ልጆቻችንን ኃጢአታቸውን ከሰማን በኋላ ሳንጠይቅ የማናልፈው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ቤትህንስ ተናዝዘሃልን?» የሚለው ነው። «ገና ነኝ» ያለንን ወደ ሕግ ዐዋቂ እንልከዋለን፤ ጤነኛ ሳለ፥ አእምሮው ሙሉ ሳለ፥ ከማንም ጋር ሳይጣላ። እናንተም ይህን የምታነቡ ወገኖቻችን፥ ከሞት አልጋ በፊት ባላችሁት በዚህ ጊዜ ሁለቱን ኑዛዜዎች አንድ አድርጋችሁ ፈጽሙ። ለእግዚአብሔር እውነቱን ንገሩ፤ ለቤተ ሰቦቻችሁም እውነቱን ጽፋችሁ ተዉላቸው።

የሕያዋንና የሙታን አምላክ ቤታችንን በሰላም፥ ነፍሳችንንም በምሕረት ይቀበልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።